የሩቅ ትምህርትና የቅርብ ሰው፦ የጎልማሶች ተከታታይ ትምህርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ተከታታይ ትምህርት የሚባለው፣ መደበኛውን የትምህርት ዕድሜ ያለፈ ወይም በጊዜው ሳይማር የቀረ ጎልማሳ ሥራውን፣ እርሻውንና ትዳሩን ሳይለቅ በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ፣ በክረምት ወይም በርቀት የሚከታተለው ትምህርት ነው። የርቀት ትምህርት የዚሁ አንድ ዘርፍ ሲሆን፣ መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍል ሳይገናኙ ትምህርቱ በታተመ ጽሑፍ፣ በሬዲዮ፣ በሳተላይት ወይም በበይነ መረብ፣ ማለትም በኢንተርኔት፣ የሚደርስበት ሥርዓት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጠው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ካለፈው ጋር ዝምድና እንደሌለው አዲስ ነገር ይነገርለታል። ይሁን እንጂ በምሥራቃዊው ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ ከእሱ በፊት ጎልማሶችን የሚያስተምሩ በርካታ ተቋማት ተፈራርቀዋል፤ እነዚህንም አንድ በአንድ የመረመረ ሰው ሁሉም በሦስት ነገሮች ላይ የቆሙ እንደነበሩ ይረዳል፤ እነሱም ትምህርቱ የሚመነጭበት ቦታ፣ ተማሪውን በቅርብ የሚያግዘው ሰው እና ዕውቀቱን የሚመሰክርለት አካል ናቸው። ፊተኛውና ኋለኛው በየዘመኑ ሲታደሱ ኖረዋል፤ መካከለኛው ግን ዘወትር በመጨረሻ የታሰበ፣ ዘወትርም የሥርዓቱን ዕድል የወሰነ ሆኖ ይገኛል።

የርቀት ትምህርት ታሪክ ከመንገድ ታሪክ ተነጥሎ ሊጻፍ ስለማይችል፣ ስለ አገሩ አቀማመጥ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርደው ይህ ምድር፣ በላይ ጋይንት ከብርዳማው የነፋስ መውጫ ደጋ ተነሥቶ፣ በታች ጋይንትና በስማዳ በኩል ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ እየተቆራረጠ የሚያዘቀዝቅ ሲሆን፣ እስቴ ከተራራው ደቡባዊ ግርጌ ዋና ከተማዋን መካነ ኢየሱስን ይዛ ትገኛለች። በቻይና ርዳታ ተሠርቶ በ1970ዎቹ የተጠናቀቀውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ የሚለው የወልዲያ–ወረታ ጎዳና ነፋስ መውጫን ከደብረ ታቦርና ከወሎ ጋር አገናኘ፤ የስማዳዋን ወገዳን፣ የታች ጋይንቷን ዐርብ ገበያንና መካነ ኢየሱስን ግን ወደ ጎን ተዋቸው። መሬቱ የተጎሳቆለ፣ ዝናቡም አንድ ዓመት የሚሰጥ አንድ ዓመት የሚነሣ በመሆኑ፣ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት በዚህ አካባቢ ሰፊ ተጠቃሚ አለው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ወጣቱና ጎልማሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ መውረዱ የታወቀ ነው። ለጎልማሳ የሚታሰብ ማንኛውም የትምህርት ሰሌዳ ይህን ጉዞ ካላገናዘበ፣ በመስከረም የተመዘገበ ተማሪ በኅዳር ከክፍሉ አይገኝም።

አካባቢው ለዘመናዊ ትምህርት ዘግይቶ የደረሰ ቢሆንም፣ ለከፍተኛ ትምህርት ግን እንግዳ አልነበረም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ሥርዓት ውስጥ የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቦታዎች ናቸው፤ ከታወቁት ሦስት የዜማ ስልቶች መካከል የቤተልሔሙ በጋይንት የተመሠረተ ሲሆን፣ የቆማው ስልት ከእስቴው ቆማ ፋሲለደስ ጋር ይያያዛል፤ ሦስተኛው አጫብር ይባላል። ምስክር ማለት፣ በሌላ ደብር ከሌላ መምህር ዘንድ ትምህርቱን የጨረሰ ሰው ወደ ማስመስከሪያው ጉባኤ መጥቶ፣ ያወቀውን በሊቁ ፊት ዳግመኛ አድርሶ፣ ለማስተማር የሚያበቃውን ዕውቅና የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። መማሪያና ማስመስከሪያ የተለያዩ መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል፤ ከጎጃም፣ ከላስታ፣ ከሸዋ ወይም ከትግራይ ድጓ ተምሮ የመጣ ሰው በቤተልሔም የሚፈለግበት ዕውቀቱን ማሳየት እንጂ ከየት እንደተማረ ማስረዳት አልነበረም። በኋላ ዘመን የርቀት ትምህርት ተቋማት ሊፈቱት ያልቻሉት ችግር፣ ማለትም ያስተማረው አካል ራሱ መዛኝ የመሆኑ ችግር፣ በዚህ ሥርዓት ከሥሩ የተፈታ ነበር።

የአብነት ተማሪው ዕድሜም በዛሬው መለኪያ ከሕፃን ይልቅ ለጎልማሳ የቀረበ ነው። ንባብና ዳዊት በልጅነት የሚያልቁ ቢሆንም፣ ድጓ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ ብዙ ዓመታት የሚወስዱ በመሆናቸው፣ ተማሪው ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተዘዋወረ ሠላሳ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ቀን ቁራሽ ለምኖ፣ እንጨት ሰብሮና ጎጆውን ጠግኖ፣ ማታ በቃል የሚያጠና፤ በድጓ ቤትም መጽሐፉን በእጁ እየገለበጠ የሚማር ነበር። መምህሩ፣ የኔታ፣ ለመቶ ተማሪ ብቻቸውን ስለማይዳረሱ፣ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሰው ተማሪ አስቀጻይ ይሆናል፤ አስቀጻይ ማለት ከሱ በታች ያሉትን የዕለቱን ዜማ እያስደገመ፣ ስሕተታቸውን እያረመ፣ ለየኔታ የሚያደርስ ረዳት ነው። ደመወዝ አልነበረውም፤ ማስቀጸሉ ራሱ የትምህርቱ ክፍል ነበርና። ሥርዓቱ በመንግሥት በጀት ሳይደገፍ ይህን ያህል ዘመን የኖረበት ምክንያት ከአስቀጻዩ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ይመስላል። ይህን ማለት ጉድለቱን መሸፈን አይደለም፤ ጉባኤው ከጥቂቶች በቀር ሴቶችን አላስተናገደም፤ እጁን በእርሻ የጠመደውን ባላገርም ከንባብ አልፎ የሚጠራው አልነበረም።

ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው የጎልማሶች ትምህርት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ አገር ርቆ ነው። በእንግሊዝ አገር አይዛክ ፒትማን እ.ኤ.አ. ከ1840 ጀምሮ አጭር ጽሕፈትን በፖስታ ማስተማሩ የተልእኮ ትምህርት መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ተማሪው መልመጃውን ሠርቶ ይልካል፣ ታርሞም በፖስታ ይመለስለታል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ እ.ኤ.አ. በ1946 በዚሁ መንገድ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት መስጠት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጽሑፉን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጋር አጣምሮ፣ በየአካባቢው አስጠኚ መድቦ፣ ዘርፉን አስከበረው። የኦፕን ዩኒቨርሲቲን ስም ያስጠራው በአብዛኛው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ተማሪዎቹን ግን የያዘለት አስጠኚው ነበር።

በኢትዮጵያ ለሠራተኛ ጎልማሶች የታሰበው የማታ ትምህርት በአዲስ አበባ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በተቋቋመው በብርሃንህ ዛሬ ነው ትምህርት ቤት ስም ይታወቃል። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ብዙም ሳይቆይ የማታ መርሐ ግብር ጀመረ፤ ይህም ኤክስቴንሽን ተባለ፤ ቃሉም በሕዝቡ አፍ ጸንቶ፣ እስካሁን ድረስ በማታ ወይም በእረፍት ቀን የሚማር ሠራተኛ በኤክስቴንሽን እማራለሁ ይላል። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተሸጋገረ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መባቻ የኤክስቴንሽን ክፍሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በተልእኮ ማስተማር ጀመረ፤ ከአብዮቱ በኋላም ሥራው በትምህርት ሚኒስቴር ሥር በታተሙ የመማሪያ ጽሑፎችና በሬዲዮ ተደግፎ ቀጠለ። ይህ ሁሉ ግን የከተሜና የደመወዝተኛ ነገር ነበር። የጋይንት አውራጃ ነዋሪ ፖስታ ሣጥንም፣ የሚያነብበት ፊደልም፣ መልመጃውን የሚሠራበት ሰዓትም ስላልነበረው፣ የተልእኮ ትምህርት ወደ ደጋው የደረሰው በዚያ በተመደቡት ጥቂት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ሻንጣ ውስጥ ነው።

ወደ ባላገሩ በእውነት የደረሰው የመጀመሪያው ዘመናዊ የጎልማሶች ትምህርት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ1967 ዓ.ም. የጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር በማሠማራት መንገዱን ጠርጎ ነበር፤ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሥራውን በዙር ከፋፍሎ፣ በ15 ቋንቋዎች መጽሐፍ አሳትሞ፣ በገበሬ ማኅበራትና በቀበሌዎች ትከሻ ላይ አስቀመጠው። ዘመቻው በተጀመረ በዓመቱ በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት አገኘ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዙርም ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደተመዘገበበት መንግሥት አስታውቋል። ከዘመቻው በፊት ማንበብና መጻፍ የማይችለው የኅብረተሰብ ክፍል 93 በመቶ ይሆናል ተብሎ ይገመት ነበርና፣ የሥራው ስፋት ከዚህ ይታያል።

የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ማለት ብዙውን ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ወይም ከዛፍ ጥላ ሥር የተደረደረ ድንጋይ ነበር፤ ማታ ሲሆን በኩራዝ ብርሃን፣ ቀን ሲሆን ከእርሻ መልስ ይማሩበታል። አስተማሪው አንዳንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ዘማች፣ ብዙ ጊዜ ግን ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሰ የመንደሩ ልጅ፣ ዲያቆን ወይም መሪጌታ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ታሪካዊ ገጠመኝ አለ፦ ከሃይማኖት ጋር በአደባባይ የተጣላ መንግሥት፣ በቤተልሔምና በቆማ አገር ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ሲፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ከአብነት ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነበር። ትምህርቱ በግዴታ የተቀላቀለ፣ ቀሪ የተቀጣበት፣ የፖለቲካ ቅስቀሳም የተጫነው መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁንና እናቶች ባሎቻቸው በተቀመጡበት አዳራሽ ተቀምጠው ስማቸውን የጻፉት በዚህ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስብስብ በአካባቢው አልታየም።

የዘመቻው ድክመት የተገለጠው ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ነው። ድኅረ መሠረተ ትምህርት የተባለው ቀጣይ ምዕራፍ የተማረው እንዳይረሳ ማንበቢያ ክፍሎችን፣ ለገበሬ የተዘጋጁ ትንንሽ መጻሕፍትንና የሬዲዮ ትምህርትን አቅዶ ነበር፤ የኅብረተሰብ የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከላትም አናጢነትን፣ ሽመናንና የቤት አያያዝን ለማስተማር በየአውራጃው ተቋቁመዋል። ነገር ግን የ1977 ዓ.ም. ድርቅ የደጋውን ኑሮ አናጋው፤ በ1980ዎቹ መግቢያም ጦርነቱ ጋይንትንና የደብረ ታቦርን አካባቢ አዳረሰው። መጽሐፉ መምጣቱን ሲያቆም፣ የመንደሩ አስተማሪም ወደ ጦር ሜዳ ወይም ወደ ቆላ ሲሄድ፣ የሚነበብ ነገር የሌለው አዲስ አንባቢ ፊደሉን መልሶ ረሳው። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ቁጥር ከዚህ እውነታ ጋር ማስታረቅ ይከብዳል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ለባላገሩ፣ ሌላው ለደመወዝተኛው ሆነ፤ ከሁለቱ የበረታውም የደመወዝተኛው ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶችን ወደ ገጠር ሲያስፋፋ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቀበሌዎች በሰርተፊኬት ደረጃ የሠለጠኑ ብዙ ወጣት መምህራን ተመደቡ። ቆይቶም የአንደኛ ደረጃ መምህር በዲፕሎማ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በዲግሪ እንዲመረቅ ሲጠየቅ፣ እነዚህ መምህራን ክፍላቸውን ሳይዘጉ የሚማሩበት መንገድ ተፈለገ። መልሱ ሁለት ነበር፤ አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ መምህሩን ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ታቦር የሚጠራው የክረምት ኮርስ፣ ሁለተኛው የርቀት ትምህርት። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ለግል ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ከሰጠ በኋላ፣ ቅድስት ማርያምና አልፋን የመሳሰሉ ኮሌጆች በርቀት በመላ አገሪቱ ተስፋፉ፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም በተከታታይና ርቀት ትምህርት ክፍሎቻቸው ተከተሏቸው። ከግብርና ባለሙያ እስከ ፖሊስ፣ ከወረዳ ገንዘብ ያዥ እስከ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የደረጃ ዕድገት የሚጠብቅ ሁሉ ተማሪ ሆነ።

የአሠራሩ ዝርዝር ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ከአንድ ትውልድ በኋላ የሚያስታውሰው ላይገኝ ይችላልና። ተማሪው በማዕከሉ ተመዝግቦ፣ ክፍያውን በባንክ አስገብቶ፣ ሞጁል ይቀበላል፤ ሞጁል ማለት መምህሩ በክፍል ሊናገረው የሚገባውን ሁሉ በጽሑፍ ለማስፈር የሚሞክር፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄና ከጀርባው መልስ ያለው የኮርስ መጽሐፍ ነው። ከሞጁሉ ጋር አሳይንመንት ይሰጣል፤ እሱም በእጅ ተጽፎ በቀነ ገደቡ ለማዕከሉ ይገባል። በመንፈቁ መካከል በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል ይኖራል፤ ያም አስጠኚው የኮርሱን ከባድ ክፍል በጥቂት ሰዓት የሚያብራራበት መድረክ ሲሆን፣ ወዲያው ፈተናው ይከተላል። ከስማዳ ቆላ ቀበሌ የሚያስተምር መምህር ለዚህ ቅዳሜ ሲል ዓርብ በእግሩ ወገዳ ወጥቶ አድሮ መኪና ይሳፈራል፤ በክረምት መንገዱ ከተቆረጠ ደግሞ ቲቶሪያሉ ያመልጠዋል፤ የሚቀረው ፈተናው ብቻ ነው። ሞጁሉ ለእንዲህ ያለው ተማሪ ታስቦ የተዘጋጀ ይምሰል እንጂ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። የመምህሩ የዕለት ማስተማሪያ አማርኛ ስለሆነ፣ ትልቁ ትግል ከትምህርቱ ሳይሆን ከቋንቋው ጋር ነበር። በዚህ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ወይም ቀደም ብሎ የተመረቀ ባልደረባ፣ ማንም ሳይሾመው፣ አስጠኚ ሆኖ ይገኛል፤ የርቀት ትምህርት በዚህ አገር የቆመው በአብዛኛው በሱ ነበር፤ ተቋማቱ ግን ይህን ሰው በመዝገባቸው አላወቁትም።

መዝገቡ ሳያውቀው የሚሠራው ሰው የሚያበላሽ ሰውም ሊሆን ይችላል። አሳይንመንት በክፍያ የሚሠሩ ሰዎች በየከተማው ተፈጠሩ፤ አንዱ የጻፈውን ሃያው ይገለብጠዋል፤ የፈተና ቁጥጥርም ከማዕከል ማዕከል ይለያይ ነበር። ያስተማረ፣ የፈተነና ዲግሪ የሰጠ አንድ አካል በመሆኑ፣ ዲግሪው በቀጣሪ ዓይን እየቀለለ ሄደ። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥትም በግልም ተቋማት የሚሰጠው የርቀት ትምህርት በሙሉ እንዲቆም አዘዘ። ውሳኔው ከከተማው ተማሪ ይልቅ የገጠሩን የቀጣ ነበር፤ በአዲስ አበባ ያለ ተማሪ ወደ ማታ ክፍል ሊዛወር ሲችል፣ የጋይንቱ መምህር ከክረምት ኮርስ በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። እገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ፤ የፈተናና የድጋፍ ማዕከላት ጉዳይ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መስፈርቶች ውስጥ ጎልቶ መታየት የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።

ለባላገሩ የታሰበው ዘርፍ ቀጠን ብሎ ቀጠለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት፣ ማንበብን፣ መጻፍንና ማስላትን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር አቀናጅቶ በሁለት ዓመት የሚያስተምር መርሐ ግብር ሲሆን፣ አስተማሪው አመቻች ይባላል። አመቻቹ አበሉ አነስተኛ፣ ሥራውም ጊዜያዊ በመሆኑ ብዙ አይቆይም፤ የተሻለ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ጣቢያውም አብሮት ይዘጋል። ከዚህ ይልቅ የጸናው፣ ትምህርት ተብሎ የማይጠራው ነው፤ በየቀበሌው የተመደቡት የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያዎች በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት የሚሰጡት ሥልጠና፣ እንዲሁም ሁለቱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሚያስተምሩት። በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ያስጀመረው 8028 የስልክ መስመር ደግሞ ለባላገሩ የመጀመሪያው የዲጂታል ትምህርት ነው ሊባል ይችላል፤ ገበሬው በተራ የእጅ ስልኩ በነጻ ደውሎ፣ ቁጥር እየተጫነ፣ ስለ ስንዴ ወይም ስለ ጤፍ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ መጠንና ስለ ተባይ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የተቀዳ ምክር ያዳምጣል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ፊደል አይጠይቅም፤ ዕውቅናም አይሰጥም። በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው መደወሉ የሚያሳየው፣ ቋንቋው የራሱ፣ ጥያቄው የራሱ፣ ሰዓቱም የራሱ ከሆነ ጎልማሳ ለመማር ገፊ እንደማያስፈልገው ነው።

በመንግሥት ደረጃ ኢንተርኔትን ወደ ትምህርት የማስገባቱ ሥራ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የዓለም ባንክ የጀመረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎቹ አንዱ አደረገ፤ በ1999 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ሙከራ በዚያው ተጀመረ፤ የሕንዱ ኢንዲራ ጋንዲ ኦፕን ዩኒቨርሲቲም ከቅድስት ማርያም ጋር በመተባበር የማስተርስ ትምህርት ሰጠ። ከእነዚህ አንዱም ጉናን አልተሻገረም። ጉናን የተሻገረው በ1990ዎቹ አጋማሽ የተዘረጋው የሳተላይት መረብ ነው፤ ወረዳ ኔት የወረዳ አስተዳደሮችን ለቪዲዮ ስብሰባ ሲያገናኝ፣ ስኩል ኔት ከ400 ለሚበልጡ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተቀዳ ትምህርት አደረሰ። ፕላዝማው ለጎልማሳ የታሰበ አልነበረም፤ ግን ለኋላው የኦንላይን ኮርስ ማስጠንቀቂያ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚናገረው መምህር ተማሪው ይግባው አይግባው ሳያይ ሰዓቱን ጨርሶ ይሄዳል፤ በክፍሉ የቆመው መምህርም ከአስተማሪነት ወደ ማሽን አብሪነት ወረደ። መካከለኛውን ሰው በመዝገብ ከመዘንጋት ይልቅ ሥልጣኑን መቀማት የከፋ ሆኖ ተገኘ።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርት ወደ ኦንላይን ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂም ለጉዳዩ የፖሊሲ ሽፋን ሰጠው። ቆይቶም በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ፣ ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኮርሶቻቸውን ወደ በይነ መረብ የሚያሸጋግሩበት ኢ-ሺ የተባለ ፕሮጀክት ተጀመረ። በደጋው ወረዳዎች ግን የኦንላይን ትምህርት መልክ ከዚህ የተለየ ነበር፤ እሱም ቴሌግራም ነው። ሞጁሉ በፒዲኤፍ ይላካል፤ ያለፈው ዓመት ፈተና በቡድኑ ይለጠፋል፤ ቲቶሪያሉ በድምፅ መልእክት ይመጣል፤ ተማሪው የሌሊት ጥቅል ገዝቶ፣ ሰው በሚተኛበት ሰዓት አውርዶ፣ ቀን ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ያነበዋል። ይህን ያቀደ ቢሮ የለም፤ ሆኖም ከተማሪው አቅም ጋር የተስማማው እሱ ነው። የአብነት መምህራንም በዚሁ መንገድ ገቡ፤ በዱባይ፣ በዋሽንግተን ወይም በአዲስ አበባ ያለ ጎልማሳ ውዳሴ ማርያምን፣ ቅኔንና ግእዝን በቴሌግራምና በዙም ይማራል። ለዘመናት ተማሪ በእግር የመጣበት ትምህርት ወደ ተማሪው መሄዱ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ምስክሩ ግን በአካል ከመቅረብ ጋር እንደተጣበቀ ቀረ።

ዘመናዊው ዘርፍም በራሱ መንገድ ወደዚሁ ደርሷል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ በመደበኛም ይሁን በርቀት የተማረ፣ በመንግሥትም ይሁን በግል ተቋም፣ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በኮምፒውተር እንዲፈተን ተደረገ። በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ከመጡት ተፈታኞች ያለፉት ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም። ማስተማርና መመስከር ተለያዩ፤ ይህም በመርሕ ደረጃ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን ፈተናው ሲመጣ ድጋፉ አብሮት አልመጣም፤ ሞጁሉን ብቻውን ያነበበ፣ ኮምፒውተር በሥራ ቦታው የማያገኝ የእስቴ ወይም የታች ጋይንት ሠራተኛ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ አራት ዓመት ከተማረ ወጣት ጋር በአንድ መለኪያ ተለካ።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረ። ቀደም ሲል፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት ውጊያ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቆ ገብቶ ሕዝቡን ለከፍተኛ በደል ዳረገ፤ የትምህርትና የጤና ተቋማትንም ጎዳ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል አዲስ ግጭት ተቀስቅሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ። በርቀት የተመዘገበው ተማሪ ወደ ወረቀቱ ሞጁል ተመለሰ፤ ወረቀት ያላሳተመ ተቋም ተማሪ ግን የሚመለስበት አልነበረውም። አንዳንድ ተቋማት ከጥቂት ዓመታት በፊት የኅትመት ወጪን ለመቀነስ ሞጁሉን በፒዲኤፍ ብቻ ማደል የጀመሩት እንደ ዕድገት ተቆጥሮላቸው ነበር።

መረቡ በአንዳንድ የክልሉ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያው ሐምሌ የፌዴራል መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኮደሮች የተሰኘውን መርሐ ግብር አስጀመረ፤ ዓላማው በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን በኦንላይን የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርሶችን በነጻ ወስደው የምስክር ወረቀት እንዲያገኙ ነው። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ኢሜይልና የማያቋርጥ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ በስልክ መጀመር ቢቻልም ያለ ኮምፒውተር መጨረስ ያዳግታል። በዚህ መርሐ ግብር ለመመዝገብ የሚፈልግ የወገዳ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት የሚሆን አንድ የኮምፒውተር ክፍልና በውስጡ የሚቀመጥ አንድ አስጠኚ ነው፤ እነዚህም ከኮርሱ ጋር አብረው የሚሰጡ አይደሉም፤ ወረዳው ራሱ በራሱ በጀት ሊያቋቁማቸው ይገባል።